ከጀርባው ያስበየድኩት እጀታ

ባለፈው ሳምንት የተለያየነው ባዳዊ የኳስ ወንበሩን ሊረከብ አምስት ቀን ሲቀረው ነበር። ያን ያላነበበ ካለ ባጭሩ ልንገረው፤ ነገሩ የሚያሳፍር እንጂ የተወሳሰበ አይደለም።

መጁማ እባላለሁ። ሊኮኒ፣ ከመርከቡ መሻገሪያ ትንሽ ከፍ ብሎ ባለ የዊልቸር መሥሪያ ውስጥ የመቀመጫ ሸራና ማሰሪያ ስሰፋ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ዕድሜዬ አርባ አራት፣ ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል። አባቴ ኮኮናት ዛፍ ላይ እየወጣ የሚያሰክር መጠጥ ሲቀዳ የኖረ ሰው ነው፤ ሙስሊም ሆኖ በዚህ ሥራ ስላሳደገን ሰፈሩ ስማችንን ከንፈሩን ሳያጣምም አይጠራም። አንድ ባል ነበረኝ፤ ሄደ፤ አልፈለግኩትም።

ባዳዊ ከውሃው ማዶ ነው። ሞምባሳ አሮጌው ከተማ፣ በሩ በቅርጻ ቅርጽ ከተሞላ የድንጋይ ቤት። የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ መምህር ነው። ከስድስት ዓመት በፊት የማሊንዲ መንገድ ላይ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገልብጦ ከወገቡ በታች አልታዘዝ አለው። ወደ እኛ የመጣው የቅርጫት ኳስ መጫወቻ ወንበር ሊያሠራ ነበር።

የቤት ዊልቸርና የኳስ ዊልቸር አንድ አይደሉም። የቤቱን ስንሠራ ከዳሌ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ጣት እንተዋለን፤ ሰው ይወፍራል፣ ልብስ ይደርባል። የኳሱ ግን እንደ ጫማ ነው፤ ጣት አይገባም። ሰውየው ወገቡን ሲያዞር ወንበሩም አብሮት መዞር አለበት። ጎማዎቹ ከላይ ገባ፣ ከታች ወጣ ብለው ይቆማሉ፤ ቶሎ እንዲዞርና እንዳይገለበጥ። ከኋላ ደግሞ መግፊያ እጀታ የለውም። ይህቺን ያዙልኝ፤ ጉዴ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ልኩን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ተንበርክኬ ሁለት ጣውላ ከዳሌው ግራና ቀኝ አስጠጋሁና መሀሉን በሜትር ለካሁ። እሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«ስንት መጣ?» አለኝ።

«ሠላሳ ስድስት።»

«እናቴ ብትሰማ ሜትሩን ነው የምትከሰው። ከዚህ የበለጠ አብልቼዋለሁ ብላ።»

ሳቅኩ። ያን ጊዜ ዝቅ ብሎ አየኝ። ሰው ስለካ ብዙ ታይቻለሁ፤ እንደዚያ ግን ታይቼ አላውቅም። ጣውላውን ማንሳት እስኪጠፋኝ ድረስ እዚያው ቀረሁ።

ከዚያ ደብዳቤ ጀመረ። የኛ በያጅ ቺራው እሱ ቡድን ውስጥ ስለሚጫወት ከልምምድ ሲመለስ ይዞልኝ ይሻገራል። የመጀመሪያውን ስከፍተው ፊደሎቹ ትልልቅ፣ ተለያይተው የተቀመጡ፣ ለአንደኛ ክፍል ልጅ እንደሚጻፍ ነበሩ። ደሜ ፈላ። «መምህር፣ እኔ ተማሪዎ አይደለሁም» ብዬ በቺራው አፍ ላክሁና ሦስት ሳምንት ዘጋሁት። መልሱ ሲመጣ «ሃያ ዓመት ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬ ትንሽ መጻፍ ረስቻለሁ፤ ለባንክ የምጽፈውም እንዲሁ ነው» ይላል። ያን ቀን ብቻዬን አፈርኩ። እሱ ያላሰበውን ንቀት ከራሴ አውጥቼ ለሱ የሰጠሁት እኔ ነበርኩ።

ከደብዳቤዎቹ አንዱ እንዲህ ይላል፦ «መጁማ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ማን እንደሚገፋኝ ሳላይ ኖርኩ። ከኋላው የሚያዝ ነገር የሌለው ወንበር ሥሪልኝ።»

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አላወቅኩም ማለት አልችልም።

*

ማክሰኞ ረፋድ ላይ እናቱ ወይዘሮ፣ በኛ አጠራር ቢ ሳልሃ፣ መጡ። ቺራው ብረት ሊያመጣ ወጥቶ ብቻዬን ነበርኩ። ሹፌራቸው በር ላይ ጥላ ይዞ ቆመ። እሳቸው በጥቁር ልብሳቸው ውስጥ ሆነው መሥሪያውን ከጥግ እስከ ጥግ ቃኙት።

«ሰፊዋ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ቢ ሳልሃ። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። የልጄ ይሄ ነው?» በጣታቸው ጫፍ ጎማውን ነካ አደረጉት። «ምነው ተጣመመ?»

«አልተጣመመም። እንደዚያ ነው የሚሠራው።»

«መያዣውስ የት አለ?»

«የኳስ ወንበር መያዣ የለውም።»

«ታዲያ ሲወድቅ ማን ይይዘዋል?»

«ማንም አይይዘውም። ይወድቃል፣ እጁን መሬት ተክሎ ከነወንበሩ ይነሳል። ጨዋታው ነው።»

«ሱብሐነላህ! ሰው ፊት?» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ስሚ። መያዣ አድርጊለት።»

«አላደርግም።»

«እኔ ነኝ ያልኩሽ።»

«ወንበሩ የሱ ነው፣ ቢ ሳልሃ። ያዘዘኝ እሱ ነው፤ እሱ ያላለውን አልሠራም።»

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ በዝግታ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «እኔ ነገ አልፋለሁ። ከዚያ በኋላ ከልጄ ኋላ የሚቆመው ማነው? አንቺ?» አሉ።

ያቺን «አንቺ» የወረወሯት እንደ ስድብ ነው። ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፣ ጫማዬን አይተው፣ ወጡ። ነገሩ በዚሁ አበቃ። እሳቸው ጠየቁ፣ እኔ እምቢ አልኩ፣ ሄዱ። ያን ሰዓት እንዴት እንደኮራሁ!

ያቺ ቃል ግን አልወጣችልኝም። ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጬ «አንቺ?» «አንቺ?» ትለኛለች። ለምን እኔ አልሆንም?

ከመሥሪያችን ደጅ የመርከቡ መሻገሪያ ይታያል። በሩ ሲከፈት ከሕዝቡ ሁሉ በፊት የሚገቡት ዊልቸሮች ናቸው። ሺህ ሰው ከገመዱ ወዲህ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ሚስቶቻቸው እየገፏቸው ቁልቁለቱን ሲወርዱ አያለሁ። ያቺ ሴት ማናት ብሎ የሚጠይቅ የለም። እጇ ያረፈበት ቦታ ይመሰክርላታል። እኔ የመጠጥ ቀጂው ልጅ፣ የሦስተኛ ክፍሏ፣ በአሮጌው ከተማ ጠባብ መንገድ ከሱ ጎን ብሄድ ሠራተኛው ናት ይሉኛል። ከኋላው ሆኜ ብገፋው ግን... እንዲህ አሰብኩ። እፍረቱ ከዚህ ይጀምራል።

ቺራው ሲመለስ «ሁለት እጀታ በይድልኝ» አልኩት።

«ለየትኛው?»

«ለመምህሩ።»

መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። ቺራው በልጅነቱ ፖሊዮ እግሩን ያቀጠነው፣ አፉን ግን ያላቀጠነው ሰው ነው። «ማማ መጁማ፣ ትኩሳት አለሽ እንዴ? ለኳስ ወንበር እጀታ?»

«የታዘዘ ነው።»

«ማን አዘዘ?»

«የታዘዘ ነው አልኩህ እኮ!»

«የዚህ ከተማ ሰው እጁ ሥራ ፈት ነው፣ የሚያዝ ነገር አታሳዪው። ባለፈው ረመዳን መሻገሪያው ላይ ዊልቸሬ ውስጥ ሆኜ ወንድሜን እየጠበቅኩ አንዷ እናት መጥታ ገፍታ መርከቡ ውስጥ ከተተችኝ። ኧረ እማማ እኔ አልሻገርም ስላት፣ ዝም በል ልጄ፣ አጅሬን፣ የአላህ ምንዳዬን አታበላሽብኝ አለችኝ! ማዶ ስደርስ ሌላው ገፍቶ አወረደኝ። ለምኜ ስመለስ ወንድሜ እኔን ፍለጋ ተሻግሯል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። «በይደው» አልኩት። እልኸኛ መሆኔን ስለሚያውቅ በየደው።

እጀታዎቹን ሰማያዊ ጨርቅ አለበስኳቸው፤ መዳፍ እንዳይጎዱ በድርብ ስፌት አጠበቅኳቸው። የማን መዳፍ? የራሴው ነዋ።

*

እሁድ ከሰዓት ከተማ ውስጥ ባለው አዳራሽ ከናይሮቢ ከመጣ ቡድን ጋር ጨዋታ ነበር። ወንበሩን ወደ ሜዳው ያስገባሁት እየገፋሁ ነው፤ በነዚያው እጀታዎች። መዳፎቼ ሸፈኗቸው፤ ባዳዊ ያየው ጎማውንና እኔን ብቻ ነው። ከቤት ወንበሩ በክንዱ ተንሸራቶ ገባበት፣ ማሰሪያውን ሳበ፣ ወገቡን ወደ ቀኝ አዞረ። ወንበሩ አብሮት ዞረ። ወደ ግራ፤ አብሮት ዞረ። ከዚያ ባለበት እንደ እንዝርት ተሽከረከረና ሳቀ።

ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር፤ በፈገግታ ነው የማውቀው። እየዞረ በእኔ ትይዩ ባለፈ ቁጥር ዓይኑ ዓይኔን ይፈልጋል። ያቺ ደቂቃ የእኔ ናት፤ ከዚያ በኋላ ያጠፋሁት ሁሉ አይወስዳትም።

ቢ ሳልሃ መቀመጫው ላይ ከሹፌራቸው ጋር ነበሩ። ጨዋታው ሳይጀመር፣ በማሟሟቂያው ላይ፣ ባዳዊ ኳስ ሊያነሳ ጎንበስ ሲል አንዱ ጎማ ከመሬት ተነሳ። ይህ ለተጫዋች ምንም አይደለም። ሹፌሩ ግን ከመቀመጫው ዘሎ፣ ሜዳውን በሩጫ አቋርጦ፣ እጀታዎቹን ከኋላ ጨምድዶ ያዘና ወደ ራሱ ሳባቸው። ባዳዊ መሽከርከሪያውን ቢገፋ ወንበሩ አልሄድ አለ። እንደገና ገፋ። ሹፌሩ «አይዞህ ጌታዬ፣ ይዤሃለሁ!» ይላል። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ባዳዊ እጁን ወደ ኋላ ሰደደ። ጣቶቹ ብረቱን አገኙት፣ ጨርቁን ዳሰሱት፣ ስፌቱ ላይ ቆሙ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ወዴት እንደሄደ አላውቅም፤ ሰው ፊት ልብሱ እንደወለቀበት ሰው ሆነ።

ዳኛው መጥቶ ወንበሩን ዞሮ አየና «እጀታው ከጎማው ወጥቷል፤ በዚህ መጫወት አይቻልም» አለ።

«ማነው ይሄን ያዘዘው?» አለ ባዳዊ። የጠየቀው እኔን ነው።

አፌን ከፈትኩ። «እናትህ... ማክሰኞ ዕለት መጥተው ነበር» አልኩ።

ከዚህ በላይ አላልኩም። አንዷም ቃል ውሸት አይደለችም። በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ ቆሻሻው ግን ይሄ ነው።

ወደ መቀመጫው ዞረ። «እማማ፣ እርስዎ ነዎት?»

ቢ ሳልሃ ወደ እኔ አዩ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ ከፊቴ ላይ ማውረድ አልቻልኩም። አሁን ይናገራሉ፣ አሁን ያጋልጡኛል ስል ተነስተው ቆሙና «አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ከኋላዬ አይቁሙ!» አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

የሰባ አንድ ዓመት ሴት ናቸው። ልብሳቸውን ሰብስበው ደረጃውን ወረዱ። ሹፌሩ ግራ ቢገባው አዳራሹ ውስጥ፣ ፀሐይ በሌለበት፣ ጥላ ዘረጋላቸው።

ባዳዊ ጨዋታውን ከዳር ሆኖ አየ። ቡድናቸው ተሸነፈ። ስንወጣ ክንዴን ነካ አድርጎ «አንቺ ምን ታደርጊ፣ አዘውሽ ነው» አለኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

*

በዘጠነኛው ቀን ቺራው ደብዳቤ አመጣልኝ። ምሳዬን ትቼ ጣቴን ከመስመር መስመር እያስኬድኩ አነበብኩት።

«መጁማ፣ እናቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ከላይ ቤት አልወረደችም። እኔም አልወጣሁም፤ በመሀላችን ስድስት ደረጃ አለ፣ መውጣት አልችልም፣ ብችልም አልፈልግም። ምግብ በሠራተኛዋ ትልክልኛለች፤ ሳልነካው እመልሳለሁ። ሊኮኒ በኩል ደረጃ የሌለው ቤት አግኝቻለሁ። እዚያ ግን ብቻዬን መኖር አልሻም። በነዚህ ስድስት ዓመታት ከኋላዬ ያልመጣብኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። ታገቢኝ እንደሆነ ራስሽ መጥተሽ ንገሪኝ።»

«ያልመጣብኝ» ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። አርባ አራት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ደብዳቤ መጣልኝ፤ የመጣው ግን እኔ ላልሆንኩት ሴት ነው።

ቺራው ፊቴን አይቶ «ምነው፣ ሰው ሞተ?» አለኝ።

«አዎ ቢባል ይቀላል» ብዬ ሻሼን አሰርኩና ተሻገርኩ።

ባዳዊ ትምህርት ቤት እያለ ለመድረስ ነው የፈጠንኩት። መጀመሪያ እናቱን ማየት ነበረብኝ። ቤታቸው መሀሉ ክፍት ግቢ ነው፤ የባዳዊ ክፍል ከታች፣ የእናቱ ከድንጋይ ደረጃው በላይ። ወጣሁ። ቢ ሳልሃ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ከስተዋል።

«ልትስቂብኝ መጣሽ?»

«ልጠይቅዎት ነው። ያልሠሩትን ለምን እኔ ነኝ አሉ?»

መልስ ከመስጠታቸው በፊት ሠራተኛዋን ሻይ እንድታመጣ ላኳት። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያሰቡበት ነገር ስለሆነ መቸኮል አላስፈለጋቸውም።

«እጀታውን ሳይ ደነገጥኩ። ይቺ ሴት እምቢ ብላኝ አልነበር ወይ አልኩ። ከዚያ ፊትሽን አየሁት። ሴት ነኝ፤ ገባኝ። ለኔ ብለሽ አላደረግሽውም፤ ለራስሽ ነው።»

አንገቴን ደፋሁ።

«ልጄ ስድስት ዓመት ሳይስቅ ኖረ፤ ያን ቀን በሠራሽለት ወንበር ሳቀ። እኔን ቢጠላኝ እናቱ ነኝ፣ ይቆያል እንጂ ይመለሳል። አንቺን ከጠላሽ ግን በዚያው ቀረሽ። በአንድ ቀን ሁለታችንን እንዲያጣ አልፈለግኩም።»

«እነግረዋለሁ።»

«አትነግሪውም! ምን አባትሽ ያናግርሻል? ተሸክሜዋለሁ በቃ። አግቢው። እኔን ቀስ ብሎ ይቅር ይለኛል።»

ሻዩ መጣ። ልንገራችሁ፣ ሻዩ እስኪያልቅ ድረስ ተስማምቼ ነበር። ቀላል ነው እኮ፤ ዝም ማለት ብቻ ነው። የአሮጊቷ ዕዳ በአሮጊቷ ላይ ይሆናል፣ እኔ ደግሞ ቤት ይኖረኛል። ብርጭቆውን አስቀመጥኩ።

የውጭው በር ተከፈተ። ባዳዊ ነው። ከመንገድ ዊልቸሩን የያዘ አንድ ሰው ገፍቶ አስገብቶት ሄደ። ደረጃው አናት ላይ ሲያየኝ ፊቱ በራ። የጠፋችበትን እናቱን እንዳገኘ ሕፃን ሳይሆን፣ የሚጠብቀው ነገር እንደመጣለት ትልቅ ሰው ነው የበራው። በዚያ ፊት ላይ መዋሸት አቃተኝ።

ወረድኩ። ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

«ተቀመጪ» አለኝ።

«ቆሜ ነው የምናገረው። እናትህ እጀታ አድርጊለት አሉኝ። እምቢ አልኳቸው። ሄዱ። ያስበየድኩት እኔ ነኝ።»

ፈገግ አለ። «ልታስታርቂን ነው? በሷ ፈንታ አትሸከሚ፣ መጁማ።»

«አልተሸከምኩም! የራሴን ነው የምነግርህ! የላክህልኝን ደብዳቤ አራት ጊዜ አንብቤ፣ የሚያዝ ነገር የሌለው ማለትህን እያወቅኩ፣ ቺራው ተይ እያለኝ አስበየድኩት። ጨርቁንም ሰፋሁት። ማንም አላዘዘኝም።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ሊሄድ መንገድ እንደጠፋው ሁሉ። ከዚያ ሄደ።

«ለምን?»

«እጄ የሚያርፍበት ፈልጌ። መሻገሪያው ላይ ሴቶቹን አያቸዋለሁ። ባሎቻቸውን ሲገፉ ማንም ማን ናት አይላቸውም። እኔን ካንተ ጎን ቢያዩኝ ሠራተኛው ናት ይሉኛል። ከኋላህ ብቆም የሱ ናት ይሉኛል ብዬ ነው። ላንተ አይደለም፤ ለኔ ነው።»

ከሰፈሩ መስጊድ የአዛን ድምፅ ተሰማ።

«ከኋላዬ ቆመሽ» አለኝ አዛኑ ሲያልቅ፣ «ፊቴን በየት በኩል ልታዪው ነበር?»

ዓይኔን ወደ ጎማው አወረድኩ።

«አዳራሹ ውስጥስ? ስጠይቅሽ?»

«ፈራሁ።»

«እናቴን ሰው ፊት አዋረድኳት።»

«እኔ ነኝ ያዋረድኳቸው። አፍህን ነው የተዋስኩት።»

እጁን ዘረጋ። ይይዘኛል ብዬ እጄን ልሰጠው ስል «ደብዳቤውን» አለኝ። «ይዘሽዋል አይደል? መልሺልኝ።»

ከደረቴ አውጥቼ ሰጠሁት። ላብ አርሶታል። አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ይሄን የጻፍኩት ለሌላ ሴት ነው» አለ። «እንደዚህ ላላደረገች ሴት። እሷ የለችም። ላንቺ... ላንቺ ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም። እጽፍ እንደሆነም አላውቅም።»

«እሺ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ልሄድ ወደ በሩ ዞርኩ።

«ቆይ» አለ።

ዊልቸሩን ወደ ደረጃው ነዳው። ስድስቱ ደረጃዎች ሥር ቆመና ወደ ላይ አየ። ቢ ሳልሃ በር ላይ ወጥተዋል፤ ሁሉንም ሰምተዋል። ከአደጋው ወዲህ በራሱ እዚያ ላይ ወጥቶ አያውቅም። በፊት ሁለት ሰው አንስቶ ያወጣው ነበር፤ ከዚያ ያንንም እምቢ አለ።

ጎማውን ቆለፈ። መቀመጫው ጫፍ ላይ መጣ። በክንዱ ተደግፎ ወደ መሬት ወረደ። ነጭ ልብሱ አቧራው ላይ ተነጠፈ። ጀርባውን ወደ ደረጃው ሰጥቶ፣ ሁለት መዳፉን ከኋላው ድንጋዩ ላይ ተክሎ፣ ራሱን ወደ መጀመሪያው ደረጃ አነሳ። እግሮቹ ተከትለውት ተጎተቱ፤ አንዱ ጫማ ወልቆ ቀረ።

እጄ ሳላዘው ተነሳ። አንድ እርምጃ ሄድኩ። ከዚያ ቆምኩና ሁለቱን እጆቼን በራሴ ብብት ሥር ቀበርኳቸው። ማየት ግን አልቻልኩም። ሰው እንዲህ ሲሆን አይታይም፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«መጁማ» አለኝ እያለከለከ። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው፤ ፊቱ ወደ እኔ ነው። «ፊትሽን አታዙሪ። ልታውቂኝ ከፈለግሽ ይሄ ነኝ። እይ።»

ዞርኩ። ሦስተኛው። ግንባሩ ላይ የደም ሥሩ ተወጠረ። አራተኛው ላይ ክንዱ ከዳውና ወደ ጎን አዘነበለ፤ እናቱ ከላይ «ያ አላህ!» አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ አልወረዱም። ተስተካክሎ ተቀመጠ። አምስተኛው። ስድስተኛው። ዓይኑን ከኔ አላነሳም፤ በዚያ ዓይን ውስጥ ፍቅርም ቁጣም እፍረትም ነበር፤ የትኛው ለኔ እንደሆነ አላወቅኩም።

አናቱ ላይ ሲደርስ የእናቱን እግር አቀፈ። «አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ፣ እማማ።»

«ልብስህን አቆሸሽከው» አሉት ቢ ሳልሃ፣ እያለቀሱ። «አዲስ ልብስ ነበር እኮ።» አጠገቡ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ፤ በሕይወታቸው ደረጃ ላይ ተቀምጠው የሚያውቁ አይመስለኝም።

ሁለቱ ላይ፣ እኔ ታች። ነይ አላለኝም፣ ሂጂም አላለኝም። ትንፋሹ እስኪመለስ ድረስ ከላይ ያየኝ ነበር። ፊቴ እንደ ፍም ይነድዳል፤ ሠራተኛዋ ከጓዳ ወጥታ ታየኛለች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

ግን ፊቴን አላዞርኩም።